ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የአስተዳደሩን የቤንዚን ተሽከርካሪዎች በፕሮፔን ስለማሠራት

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ረጅም ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ላይ ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ የከዚራ ነዋሪ ሆኜ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ አስተዳደሩ ካሉት የቤንዚን መኪኖች ጥቂቶቹን፣ አሥር ቢሆኑ ይበቃል፣ በፕሮፔን እንዲሠሩ አስለውጦ ለአንድ ዓመት እንዲፈትናቸው።

በቅድሚያ ስሙን ላጥራ። በእኛ ዘንድ «ጋዝ» ሲባል አንዱ ላምባ፣ ሌላው የማብሰያ ቡታጋዝ ይታየዋል። ፕሮፔን የቡታጋዙ ወገን ነው፤ በሲሊንደር የምንገዛውም አብዛኛውን ጊዜ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ስለሚያቆም ለብርድ አገር አይመችም፤ በድሬዳዋ ግን ይህ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። በሶማሌ ክልል ከካሉብና ከሂላላ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በዋነኛነት ሚቴን ነው፤ ፕሮፔን 10 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ፈሳሽ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ሚቴን ግን በመኪና ላይ ለመጫን እስከ 200 ባርና ከዚያም በላይ መታመቅ ስላለበት ታንኩም፣ መሙያውም፣ ወጪውም ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት ጥናቱን ገና ከጅምሩ ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ፕሮፔን ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ዋጋውን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ነዳጁ የት እንደገባ የሚታወቅ መሆኑን ነው። በሠራሁበት መሥሪያ ቤት በየወሩ መጨረሻ የኪሎ ሜትር ንባቡንና የተቀዳውን ቤንዚን ሳስተያይ ሒሳቡ ተስማምቶ አያውቅም ነበር። ምክንያቱንም ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ማታ አንድ ሜትር የላስቲክ ቱቦና አንድ ጀሪካን ይበቃል፣ በአፍ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። የነዳጅ ግዢ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር መሆኑ ከማደያው እስከ መኪናው ያለውን መንገድ አጥርቶታል፤ ከመኪናው ወደ ጀሪካን የሚሄደውን ግን አያይም። ፕሮፔን በግፊት ውስጥ ያለ ፈሳሽ በመሆኑ ታንኩ በቫልቭ የታሸገ ነው፣ የሚሞላውም በልዩ መግጠሚያ ብቻ ነው። በላስቲክ ቱቦ የሚስበው ሰው የለም፤ የቀዳውንም በጀሪካን ይዞ ገበያ አይወጣም። በወረቀት ላይ የሚደረገውን ማጭበርበር ያስቀራል አልልም፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

ሙቀታችንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ የቆመ የቤንዚን መኪና ሽታው ከሩቅ ይሰማል፤ ያ የሚሸተው በገንዘብ የተገዛ ነዳጅ ነው። የፕሮፔን ታንክ ዝግ ስለሆነ እንዲህ ያለ ብክነት የለበትም። ቢፈስም ይተናል እንጂ አፈሩንና የጉድጓድ ውኃውን አይበክልም፤ የከርሰ ምድር ውኃ ለሚጠጣ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሞተሩ በኩል፣ የፕሮፔን ኦክቴን፣ ማለትም ነዳጁ በሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ መለኪያ፣ ከ100 በላይ ነው። ወደ ሞተሩ ሲሊንደር የሚገባው በጋዝ መልክ ስለሆነ እንደ ቤንዚን የግድግዳውን ዘይት አያጥብም፣ ጥቀርሻውም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም፣ ካንዴላውም ዕድሜ ያገኛል። ሆኖም የቫልቭ መቀመጫቸው ያልጠነከረ አሮጌ ሞተሮች እንደ ፕሮፔን ባለ ደረቅ ነዳጅ ቶሎ ሊበሉ ስለሚችሉ ለሙከራው መመረጥ የለባቸውም። ሐረር ውስጥ ዛሬም የሚሠሩትን ፔጆ 404 ታክሲዎች እጅግ ብወዳቸውም በዚህ ሙከራ አላስገባቸውም። አቅም በጥቂቱ መቀነሱም አይቀርም፤ ሜዳው ላይ ሾፌሩ ልብ ላይለው ይችላል፣ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ግን ይነግርዎታል።

ስለ ዋጋው የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ሊትርን ከኪሎ ጋር እንዳያወዳድሩብዎት። በመጠን ሲለካ አንድ ሊትር ፕሮፔን የሚይዘው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚንን 73 በመቶ ያህል ነው፤ በአገራችን ደግሞ ጋዝ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን የሚሠራውን ሥራ 0.7 ኪሎ ግራም ገደማ ፕሮፔን ይሠራዋል። ስለዚህ የፋይናንስ ባለሙያው የአንድ ኪሎ ጋዝን ዋጋ በ0.7 አባዝቶ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ጋር ያስተያይ፤ ውጤቱ ካላነሰ፣ ከላይ የቆጠርኩት ጥቅም ልዩነቱን ይሸፍን እንደሆነ በግልጽ ይመዘን። የማብሰያ ጋዝ በጠፋ ቁጥር ወደ ከሰል የሚመለሱ ቤተሰቦች ስላሉ፣ አቅርቦቱ ከእነሱ ተቀንሶ መሆን የለበትም። ጅቡቲ ከእኛ ብዙም ሩቅ አይደለችም፤ የደወሌ የክፍያ መንገድም ተሠርቷል። የጅምላ አቅርቦት ለብቻው ውል ሊገባበት ይገባል።

«ፈንጂ በመኪና ጭኖ መዞር» የሚሉ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ፍርሃታቸውን አልንቅም። ታንኩ ከተራ የቤንዚን ታንክ እጅግ የወፈረ ብረት ነው፣ ጋዙም መፍሰሱ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። መካኒክ ከመኪና ሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አየር ማውጫ ሳይሠራለት እነዚህን መኪኖች መቀበል የለበትም። በሙቀት ፈሳሹ ስለሚሰፋ ታንኩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ መሙላቱን በራሱ የሚያቆም ቫልቭ የሌለው ታንክ በዚህ ከተማ ሊገጠም አይገባም። የግዢ ሰነዱ ላይ ስለ ተሽከርካሪ የጋዝ ዕቃዎች የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 67 የተሽከርካሪ ደንብ በስሙ ይጠቀስ፤ ያኔ ርካሽ ነው ተብሎ ያልተፈተነ ዕቃ አይገባም።

የፌዴራል መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ መጪው ዘመን የኤሌክትሪክ መሆኑን አልክድም። ግን በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። የናፍጣ ፒካፖችንና የቆሻሻ መኪኖችን አልጠየቅሁም፤ በካንዴላ ስለማይሠሩ ለውጡ ለእነሱ ቀላል አይደለም። ባጃጆችም ይቆዩ፤ በየመንገዱ ተበትነው የሚያድሩ ናቸው። የመንግሥት መኪና የሚሻለው ማታ አንድ ግቢ ስለሚገባ ነው፤ አንድ መሙያና ሁለት የሠለጠኑ ሠራተኞች ለሁሉም ይበቃሉ።

ሙከራው በግንቦት ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ታንኩም ቫልቩም በዚያ ሙቀት ይታዩ። የኪሎ ሜትርና የነዳጅ መመዝገቢያውን ያለ ክፍያ ላዘጋጅ፣ በመጀመሪያዎቹም ወራት በየሳምንቱ እየመጣሁ ላስተያይ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣ የተሽከርካሪ ስምሪት ሠራተኛ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ