የቅሬታ ደብዳቤ፦ በበረዶ የተዘጋ መንገድ ለሁለት ሰው ስለ መሸጥ

ለ፦ የጉዞ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ፍራንክፈርት

ጉዳዩ፦ በፈረንሳይ አልፕስ የሞተር ጉዞ ላይ ስለ ደረሰብን መጉላላትና ስለ ገንዘብ ተመላሽ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ሜይ ከባለቤቴ ጋር ያደረግነውን የፈረንሳይ ጉዞ ያዘጋጃችሁልን እናንተ ናችሁ። ባቡሩን፣ ሞተሩንና ሆቴሉን ጠቅልላችሁ በአንድ ዋጋ ሸጣችሁልናል። በባቡር ሊዮን ልንወርድ፣ ከዚያ በሞተር የአልፕስን ታላቅ መንገድ ይዘን ኒስ ባሕር ዳር ልንደርስ ነበር። እናንተን የመረጥነው በአማርኛ ስለምታስተናግዱ ነው። ውል ሲሆን ሰው በቋንቋው ቢነጋገር ይሻላል ብለን።

እንደ ተመለስን በኢሜይል ላቀረብኩት ቅሬታ የመለሳችሁልኝ ሁለት መስመር ነው። የመንገዶቹ መዘጋት ከአየር ጠባይ የመጣ፣ ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር እንደ ሆነና በመጉላላታችን እንዳዘናችሁ ይገልጻል። ሐዘናችሁን ተቀብያለሁ። ምክንያታችሁን ግን አልቀበልም፤ ለዚህ ነው አሁን ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ከተራራው ልጀምር። ፕሮግራማችሁ ከአኔሲ ተነስተን፣ በቫል ዲዜር በኩል የኢዝራንን በር (መንገዱ ተራራውን የሚሻገርበትን ከፍታ) ተሻግረን፣ ቦንቫል ሱር አርክ መንደር እንድናድር ይላል። ኢዝራን ከፍታው 2,770 ሜትር ነው። በአልፕስ ውስጥ አስፋልት ከለበሱ የተራራ በሮች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው። የበረዶው ወራት ሲገባ ይዘጋል፤ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ጁን ላይ ነው። በማግስቱ ያስቀመጣችሁልን ጋሊቢዬ 2,642 ሜትር ነው። ቀጥሎ ያለው ቦኔት 2,715 ሜትር ነው። እነሱም በሜይ አጋማሽ ገና በረዶ ውስጥ ናቸው። ሦስቱን በተርታ ደርድራችሁ፣ ሦስቱንም በሜይ አጋማሽ ሸጣችሁልናል።

ይህ ምሥጢር አይደለም። የሳቮይ አውራጃ የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደ ሆነ በየዕለቱ በነፃ ያሳውቃል። ተራራው ግርጌም ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ የበሩን ስም ይጽፍና ክፍት ወይም ዝግ ይላል። የእኛዎቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ዘነበ ብሎ «ከአቅም በላይ ነው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኢዝራን በረዶም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ይመጣል፤ የሚሄድበትም ጊዜ ይታወቃል።

ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ምን እንደሚመስል ከፈለጋችሁ እዚያው ኢዝራን ላይ ምሳሌ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሐምሌ ውስጥ የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞች ኢዝራንን ወጥተው ቁልቁል ሲወርዱ በረዶ ዘነበ፣ ጭቃ ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው። ውድድሩ እዚያው ቆመና ሰዓታቸው በተራራው አናት ላይ ባለፉበት ተያዘ። እንዲህ ያለውን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። የሜይን በረዶ ግን ማንኛውም የሳቮይ ነዋሪ ሊነግራችሁ ይችል ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ከአኔሲ ስንወጣ በመንገዳችን ያለው የሮዝለን በርም ገና ስላልተከፈተ በአልቤርቪል በኩል ዞረን ቫል ዲዜር ደረስን። ከተማዋ ጭር ብላለች። የበረዶ ሸርተቴው ወቅት አልቋል፣ የበጋው አልጀመረም፤ በዚህ መሀል ሆቴሉም ሱቁም ይዘጋል። ከከተማዋ በላይ መንገዱ በብረት ተዘግቷል። ከብረቱ ወዲያ የበረዶ ግድግዳ ይታያል። ቦንቫል ከዚያ ማዶ ነው፤ በተራራው በኩል 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአልቤርቪልና በሞሪየን ሸለቆ ዞሮ መድረስ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ሰዓቱ መሽቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ተፈናጥጣ ትንቀጠቀጣለች።

ወደ እናንተ ደወልኩ። ቢሮው በሥራ ሰዓት ብቻ እንደሚያገለግል የሚናገር የተቀዳ ድምፅ መለሰልኝ። ያ ሳምንት ደግሞ ካቶሊኮቹ ዕርገትን የሚያከብሩበት ነው። ፈረንሳዮች ከሐሙሱ በዓል ጋር ዓርብንም አያይዘው ስለሚያርፉ ክፍል ማግኘት ከባድ ነበር። ቡር ሳን ሞሪስ ወርደን፣ ከብዙ ልመና በኋላ፣ በራሳችን ገንዘብ አደርን። ቦንቫል ላይ የከፈልንበት አልጋ ባዶውን አደረ።

በማግስቱ ስልክ ያነሳው ልጅ ትሑት ነው፤ እሱን አልከስም። መፍትሔው ግን ጉድ ነው። «ታዲያ ኢዝራንን ተዉትና በጋሊቢዬ ሂዱ» አለኝ። ጋሊቢዬም ዝግ መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ በፍሬዡስ ዋሻ ጣሊያን ገብተን በሞንዥኔቭር በር ወደ ብሪያንሶን እንድንመለስ ሐሳብ አቀረበ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ሞንዥኔቭር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ችግሩ እናንተው የተፈራረማችሁት የሞተር ኪራይ ውል ከፈረንሳይ መውጣትን ይከለክላል። ኢንሹራንሱ እዚያ አይሠራም። ባለቤቴን አፈናጥጬ ያለ ኢንሹራንስ 12 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ውስጥ አልገባም አልኩት።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ፤ እኔን ከተራራው ይልቅ ያበሸቀኝ ይሄ ነው።

ውላችን ላይ የተጻፈው «ቢኤምደብሊው አር 1250 አርቲ ወይም ተመሳሳይ» ይላል። አርቲ ለረዥም መንገድ የተሠራ ሞተር ነው። ትልቅ የነፋስ መከላከያ አለው፤ የቤንዚን ጋኑ 25 ሊትር ይይዛል። በግራና በቀኝ ሳጥን፣ ከኋላም መደገፊያ ያለው ሳጥን እንደሚኖረው ጽፋችኋል። ለዚህም «የሁለት ሰው ምቾት» በሚል 380 ዩሮ ተጨማሪ አስከፍላችሁናል። ሊዮን ላይ የጠበቀን ያማሃ ኤምቲ-09 ነው። በራሱ ቦታ ግሩም ሞተር ነው፤ ብቻዬን ብሆን እስቅ ነበር። ነገር ግን መከላከያ የለውም፤ ጋኑ 14 ሊትር ነው፤ የኋላው መቀመጫ የእጅ መዳፍ ታክላለች። የሁለቱ ሞተሮች ተመሳሳይነት ሁለት ሁለት ጎማ ያላቸው መሆኑ ላይ ያበቃል።

ሞተር ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው መደገፊያ ከሌለው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ወደ ኋላ ይሳባል። የእግር መርገጫው ከፍ ሲል ጉልበት ይታጠፋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እግር ይደነዝዛል። ሳጥን ስላልነበረ ልብሳችንን የያዘውን የጀርባ ቦርሳ የተሸከመችው እሷ ናት። ቁልቁለቱ ላይ የቦርሳው ክብደት ሁሉ በእሷ ወገብ በኩል እኔ ጀርባ ላይ ያርፋል። የቀረውን ዕቃ በፖስታ ወደ ኒስ ላክነው። ሞተሩን ያስረከቡን ሰዎች ሁለት ሰው እንደሚጭን እየነገርኳቸው የኋላውን ሞላ አላጠበቁም፣ የጎማውን ነፋስም አላስተካከሉም። ያንን ማደያ ላይ ቆሜ በራሴ አደረግሁት።

የቀን ርቀቱም ያው ነው። አንዱ ቀን 420 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሁሉም የተራራ መንገድ ነው። ይህን ያሰላችሁት በመኪና፣ በሰፊው አውራ ጎዳና መሆኑ ግልጽ ነው። በአልፕስ ጠመዝማዛ ላይ ሰው አፈናጥጦ የሚነዳ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። ወርዶ እግር ማፍታታት አለ፣ ቡና አለ፣ ቤንዚን አለ። ገጠሩ ውስጥ ምግብ ቤቶቹ ምሳ የሚያበሉት በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 12 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ብስኩት ይገዛል። እኛም ገዝተናል።

ሌላው ለባለቤቴ የላካችሁት የዕቃ ዝርዝር ነው። ጓንት «እንደ ምርጫ» ይላል። በፈረንሳይ ሕግ ግን ከኅዳር 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነጂም ተፈናጣጭም የአውሮፓን የደኅንነት ምልክት የያዘ የሞተር ጓንት ማድረግ ግዴታቸው ነው። ሱፍ ጓንቷን አድርጋ ዲኝ ከተማ አጠገብ ዣንዳርሞች (የአገሩ ፖሊሶች) አስቆሙን። ቅጣቱ 68 ዩሮ ነው፤ ቶሎ ስለ ከፈልን ወደ 45 ወረደልን። ዝርዝራችሁ ለአቅጣጫ መስሚያ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ እንድይዝም መክሮኛል። እሱ ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ ቤት ተውኩት። ሌላውን ደንበኛችሁን ማን ይነግረው ይሆን?

ታዲያ ኒስ እንዴት ደረሳችሁ ትሉኝ ይሆናል። ቡር ሳን ሞሪስ ቡና ስንጠጣ አንድ ሽበታም ሞተረኛ የእናንተን ፕሮግራም አይቶ ሳቀ። ካርታችንን ገለጠና በጣቱ አንድ መስመር አሳየን፦ ግሬኖብል፣ ጋፕ፣ ዲኝ፣ ካስቴላን፣ ግራስ። የናፖሊዮን መንገድ ነው። ናፖሊዮን በ1815 ከኤልባ ደሴት አምልጦ ከባሕሩ ዳር ወደ ግሬኖብል የወጣበት ነው፤ እኛ በግልባጩ ወረድንበት። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ኩርባው ለስላሳ ነው፤ ከጋፕ በፊት ያለው የባያር በር ራሱ 1,248 ሜትር ብቻ ነው። ካስቴላን አጠገብ ደግሞ የቬርዶን ገደል አለ፤ ባለቤቴ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ቁም፣ ፎቶ ላንሳ» ያለችው እዚያ ነው። የሚያልፉን ሞተረኞች ቀኝ እግራቸውን ዘርጋ አድርገው ያመሰግኑናል፤ የአገሩ ወግ ነው። ለሁለት ሰው፣ ለሜይ ወር፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ሽማግሌው በአንድ ስኒ ቡና ያቀደልንን እናንተ በገንዘባችን አላቀዳችሁልንም።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ ቁጥር 2015/2302 ከጁላይ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ኤ ምድብ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የሞተር ሳይክል ኪራይ ከሆቴል ወይም ከባቡር ጋር ተጠቅልሎ ሲሸጥ ጥቅል ጉዞ መሆኑን በስም ጠቅሶ ይናገራል። ስለዚህ «ሞተሩን ያከራየው ሌላ ድርጅት ነው» የሚለው የስልክ መልሳችሁ አይሠራም። አዘጋጁ እናንተ ናችሁ፤ ሌላው ቢያጓድልም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። መንገድ ላይ የተቸገረ ተጓዥን የመርዳት ግዴታም አለባችሁ፤ የተቀዳ ድምፅ እርዳታ አይደለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የ380 ዩሮው «የሁለት ሰው ምቾት» ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ፤ አላገኘነውምና። በአርቲና በኤምቲ-09 መካከል ያለው የኪራይ ልዩነት ይመለስልኝ። ያልተኛንባቸው የቦንቫልና የብሪያንሶን ሆቴሎች ሒሳብ፣ በኪሳችን ያደርንበት፣ ዕቃ የላክንበት የፖስታ ወጪና የጓንቱ ቅጣት በደረሰኙ መሠረት ይከፈለኝ። ከዚህ ውጭ ለጠፋው ዕረፍታችን ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ተገቢውን ቅናሽ እናንተው አስባችሁ አቅርቡልኝ፤ ካልተስማማሁ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ገጻችሁን ሳይ ይኸው ጉዞ፣ ይኸው የኢዝራን ፎቶ፣ «ለፍቅረኞች» በሚል ርእስ ለመጪው ሜይ ተለጥፏል። እባካችሁ አውርዱት፤ ወይ ወደ ጁላይ አዙሩት፣ ወይ መንገዱን ቀይሩት።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ገንዘቡን በከፈልኩበት ሒሳብ መልሱልኝ፤ ቫውቸር አልቀበልም። መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ማዕከል እወስዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የሞተሩና የተዘጉት በሮች ሰሌዳ ፎቶዎች፣ የሆቴል፣ የፖስታና የቅጣት ደረሰኞች፣ የላካችሁልን የዕቃ ዝርዝር