ለአባባ፣ ስለቆመችው ሰዓት

አባባ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎት እንዴት ሆነ፣ እማዬ ያሞታል ብላኛለች፣ እባክዎት ብርዱ ሳይለቅ በጠዋት ሱቅ አይውጡ። እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ቅዳሜ ስራ ስላልነበረኝ እዚህ ለንደን ግሪንዊች የሚባል ቦታ ሄጄ የድሮ የመርከብ ሰዓቶች አይቼ መጣሁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እርሶን ብቻ ነው የማስበው።

ድሮ መርከበኞች ባህር መሀል ሆነው ወደ ሰሜንና ደቡብ የት እንዳሉ የፀሐይን ከፍታ አስትሮላብ በሚባል መለኪያ እየለኩ ያውቁ ነበር፣ ወደ ምስራቅና ምዕራብ ግን በግምት ነው የሚሄዱት። በፈረንጆቹ 1707 የእንግሊዝ 4 የጦር መርከቦች ያሉበትን ስተው ሲሊ ደሴቶች ጋ አለት ላይ ተሰባብረው ከሺ በላይ ሰው አለቀ። በ1714 ፓርላማው መላ ላመጣ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ እሰጣለሁ አለ።

መላው ሰዓት ነው አባባ! ስደውልሎት ሁሌ "እዛ ስንት ሰዓት ነው?" ይሉኝ የለ፣ በቃ እሱ ነው። መርከቡ ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ እዛ ስድስት ሰዓት ነው፣ የለንደንን ጊዜ የያዘው ሰዓት በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ካለ ልዩነቱ ሶስት ሰዓት ነው፣ ምድር ደሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር መርከቡ ከለንደን 45 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሄዷል ማለት ነው። ግን እየተናወጠ፣ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቀበት የማይዛባ ሰዓት ማን ይስራ?

የሰራው ጆን ሃሪሰን የሚባል አናፂ ነው፣ የአናፂ ልጅ፣ የሰዓት ስራ ማንም ያላስተማረው። በ1735 የጨረሰው የመጀመሪያው 34 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጫፋቸው ላይ ኳስ ያላቸው ሁለት ዘንጎች በሞላ ተያይዘው አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ ይላል፣ መርከቡ ቢወዛወዝ አንዱ የሌላውን ያርማል። ቆሜ ሳየው ግማሽ ሰዓት ሄደ። አራተኛዋ ግን የኪስ ሰዓት ነው የምትመስለው፣ ስፋቷ 13 ሳንቲ ሜትር። በ1761 ወደ ጃማይካ ስትላክ አባትየው 68 ዓመቱ ስለነበር ይዟት የሄደው ልጁ ዊልያም ነው። ከ81 ቀን በኋላ የዘገየችው 5 ሰከንድ ብቻ! ገንዘቡን ግን እያመላለሱ ከለከሉት፣ በመጨረሻ ልጁ ንጉሡ ድረስ ሄዶ አቤት አለለት፣ በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ሰጠው። ሰውየው 80 ዓመቱ ነበር። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ አባባ።

የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ ያለ ዘይት እንዲሄዱ ስለተሰሩ ዛሬም ይሄዳሉ። አራተኛዋ ቆማለች፣ ዘይት ትፈልጋለች፣ ብትሄድ ዕቃዋ ያልቃል ብለው ነው። ያኔ ድምጽዎት መጣብኝ፣ መርፌ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ይዘው "ይቺን ብቻ፣ ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል" ሲሉኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ቶሎ ጨርሰን እንሂድ ነበር የምለው፣ ይቅርታ ያርጉልኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ ብለው የግድግዳዋን ሰዓት ለሰው እንዳይሰጡብኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እርሶ ወንበሮት ላይ ሆነው ይንገሩኝ፣ ወረንጦውን እኔ እይዛለሁ። ዘይቱን ከዚህ ነው የማመጣው፣ የድሮውን ጠርሙስ እማዬ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ።

ልጅዎት