ልጅሽ ቀንድ አብቅላለች

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «ስኪ ሄጄ ነበር» ስልሽ ዝም አልሽ። ደንግጠሽ ነው አይደል? በስልክ አልመች ስላለኝ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ስኪ ማለት ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ነገር እግርሽ ላይ አስረሽ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው። እኔ አብዛኛውን የምወርደው በመቀመጫዬ ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ መውደቄ ሳይሆን ስላስተማርሽኝ የእጅ ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ቀን አንቺ የሠራሽልኝን ዘርፋም የአንገት ልብስ ጠምጥሜ ሄድኩ። ሁለት ጥፋት። አንደኛ፣ ጥጥ ነው። የቀለጠውን በረዶ ምጥጥ አደረገና እንደ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ተኛ። ሁለተኛው ይብሳል። ወደ ተራራው የሚያወጣሽ በሽቦ ገመድ የሚሄድ ወንበር ነው። ስትወርጂም አይቆምልሽም። ብድግ ስል ዘርፉ ወንበሩ ላይ ተያዘ። አጠገቤ የነበረው ልጅ መንጭቆ አላቀቀኝ። ሁለት ዘርፍ ተበጠሰ፣ አንገቴ ተረፈ። እንዳታለቅሺ።

ከዚያ ወዲህ የሚንጠለጠል ነገር አላደርግም። በሱፍ ክር ዙሪያው የተዘጋ፣ በራስ የሚጠለቅ የአንገት ልብስ ሠራሁ። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ፊት ለፊቱ ላይ የቀበሮ አፍንጫና ጢም ጠለፍኩበት። ሳብ አድርጌ እስከ ዓይኔ ሳወጣው ቀበሮ ሆንኩ ማለት ነው።

ዋናው ጉድ ግን ጭንቅላቴ ላይ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ሄልሜትና መነጽር ያደርጋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ጓደኞቼ ሁለት ጊዜ ጠፋሁባቸው። ስለዚህ ለሄልሜቴ ከቀይ ፍሊስ ልብስ ሰፋሁለት፣ ባለ ሁለት ቀንድ። ፍሊስ ለስላሳ፣ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ፍሊስ ስትቆርጪው ጫፉ አይተረተርም፤ መቀምቀም የለ፣ ምን የለ። ከሥር ላስቲክ አስገባሁበት። ማጣበቂያ ግን የለም። አንዳንዱ ማጣበቂያና ቀለም የሄልሜቱን ፕላስቲክ ይጎዳዋል ይባላል። ቀንዱንም በሽቦ አላቆምኩትም፤ ብወድቅበት የሚወጋኝ እኔኑ ነው። በትራስ መሙያ ጠቀጠቅኩት።

ጫፉ ላይ የክር ኳስ አለ። ሁለት ክብ ካርቶን መሐላቸውን ትበሺና አንድ ላይ ትደርቢያቸዋለሽ። መሐሉ እስኪደፈን ክር ትጠመጥሚበታለሽ። ከዚያ በካርቶኖቹ መካከል መቀሱን አስገብተሽ ዙሪያውን ትቆርጫለሽ። በዚያው መካከል ክር አዙረሽ አጥብቀሽ ታስሪውና ካርቶኖቹን ታወጫለሽ። የምታስሪበት ክር ጠንካራ ይሁን። የኔ የመጀመሪያው ሳጠብቀው ተበጠሰብኝና ቤቱ በቀይ ብናኝ ተሞላ፤ እስከ ዛሬ ሶፋው ሥር አገኛለሁ። ይሄን ኳስ ኮፍያ ላይ አድርጌ ሄልሜት ሥር ልደብቀው አስቤ ነበር። አይሆንም። ሄልሜቱ ራስሽ ላይ ልክክ ብሎ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ተሰልፈን ሳለ አንዲት ሕፃን «ላሟ መጣች!» ብላ ጮኸች። እኔ እኮ ያሰብኩት ፍየል ነበር። በቃ፣ ስሜ ላሟ ሆኖ ቀረ።

አሁን የቀረኝ ጓንት ነው። ጣቶቼ እየደነዘዙ አስቸገሩኝ። አውራ ጣት ብቻ የተለየበት ጓንት ነው የሚሻለው፤ አራቱ ጣቶች አብረው ሲሆኑ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ኖርዌይ ውስጥ ሰልቡ የሚባል ቦታ አለ። በፈረንጆች 1857 ማሪት ኤምስታድ የምትባል ልጅ ባለ ስምንት ቅጠል ኮከብ ያለበት ጥቁርና ነጭ ጓንት ሠርታ ነው ቦታውን በጓንት ያስጠራችው። ሁለት ክር አብሮ ስለሚሄድበት ውስጡ ድርብ ይሆናል። እኔ ሞክሬው ኮከቡ ሸረሪት መሰለ። አንቺ ግን ታውቂበታለሽ።

እሱ ካደከመሽ ጥለት የሌለው ሥሪልኝ። በንጹሕ ሱፍ ይሁን። «በማሽን ይታጠባል» የሚል ከተጻፈበት ተዪው፤ እሱ እንዳይጠብ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእጄን ልክ ወረቀት ላይ አስምሬ እዚሁ ፖስታው ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ከሱ ሲሶ ያህል አስፊው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» ብለው ቢስቁብሽ ዝም በያቸው። በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽቼ የማጠበው እኔ ነኝ። ያኔ ተኮማትሮ ልኬ ይሆናል፣ ይጠብቃል፣ ነፋስም እንደ ልቡ አያልፈውም።

ሰኮናውን እኔ እጠልፍበታለሁ።

ልጅሽ፣ ላሟ