የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ሰሜንን ስንፈልግ የከረምንበት ዓመት

«ዘንድሮ ምን ምን አያችሁ?» ይሉኛል መምህራን ጓደኞቼ። ጨረቃ፣ ፕላኔት፣ እንዲህ ያለ መልስ ነው የሚጠብቁት። እውነቱን ልናገርና የ2017 ዓ.ም. ግማሹ ያለቀው ሲሚንቶ ስናቦካ ነው።

ቴሌስኮፑ የመጣው ክረምት ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ጓሮው ውስጥ ሲጠቀምበት የኖረውን ላከልን። በሁለት መንገደኞች ሻንጣ ተከፋፍሎ ገባ። ቱቦው መጣ፣ ማውንቱ መጣ። የቀረው ቱቦውን በሌላው ጫፍ የሚያመዛዝነው ብረት ብቻ ነው። 23 ኪሎ በሚፈቀድበት ሻንጣ 5 ኪሎ ድፍን ብረት ማን ይሸከማል? አልፈረድንባቸውም። መፍትሔውን ልጆቹ ከሰፈር ስፖርት ቤት አመጡት። ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ውስጡ ሲሚንቶ፣ መሀሉ ላይ ቱቦ። እስከ ዛሬ የሚሠራው ያ ጣሳ ነው።

ማውንት የምንለው ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ቱቦውን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጥቅምት ላይ በሦስት እግሩ ሜዳው ላይ አቁመን ሳተርንን ስናሳይ ግን ሰልፉ ገና ሦስተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ «ቲቸር፣ ሄደ!» ተባለ። የሄደው ሳተርን አይደለም፣ እኛ ነን። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ሰማዩ የጨረቃን ስፋት የሚያህል ለመሸሽ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ማውንቱ ይህን የሚያካክሰው አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ያኔ አንድ ትንሽ ሞተር በተቃራኒው ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ኮከቡም ባለበት ይቆያል። ዘንጉ ትክክል ካልተነጣጠረ ሞተሩ ከንቱ ነው።

(በነገራችን ላይ ሳተርን ራሱ አሳፍሮናል። ቀለበቱ ዘንድሮ በጠርዙ በኩል ስለዞረብን ቀጭን መስመር ብቻ ነበር የሚታየው። አንዲት ልጅ «መጽሐፉ ላይ ያለው ይሻላል» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።)

ስለዚህ ቋሚ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የድሮውን ጀነሬተር ቤት ፈቀዱልን። በያጅ ጠርተን የቆርቆሮ ጣሪያውን ከነክፈፉ አስነቀልንና ጎማ አስገጠምንለት። አሁን በሐዲድ ላይ ተገፍቶ ይከፈታል። ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ግን ይሠራል።

መሀል ላይ አንድ ሜትር ቆፍረን ፌሮ አቆምንና የኮንክሪት ምሰሶ ሞላን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወለሉ ምሰሶውን አይነካውም። ዙሪያውን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ትተንለታል። ግንበኛው «ለምን አንዱን ከአንዱ አላያይዘውም?» እያለ ተከራከረን። ቢያያዝ ኖሮ አንድ ልጅ እግሩን ባነሳ ቁጥር ጁፒተር ይደንስ ነበር። ከዚያ ሳምንት ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት። ጁፒተር ከፀሐይ በተቃራኒው በኩል ሆኖ እጅግ የደመቀው ኅዳር 28 ነው። እኛ የዚያን ማታ ጆንያ እያረጠብን ነበር።

ቀጥሎ የገጠመን ችግር ጂኦግራፊ ነው። የዘንጉ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሜሪላንድ 39 ዲግሪ ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ 9። ማውንቱ ላይ ያለው መለኪያ ደግሞ 20 ላይ ያበቃል። የሠሩት ሰዎች እኛን አላሰቡንም። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ፈታነው፣ አልወርድ አለ። እናም ምሰሶው አናት ላይ የሚቀመጥ፣ በደቡብ በኩል ከፍ ያለ ተዳፋት የላሜራ መቀመጫ አዘዝን። 15 ዲግሪ ያጋደለ። በስልክ ነበር ያዘዝኩት። መጥቶ ሳየው ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሥዕል ሠርቼ መላክ ነበረብኝ። ሁለተኛው ልክ ሆነ። ማውንቱን 24 ላይ አደረግነው፤ 24 ሲቀነስ 15፣ 9።

አሁን የቀረው ሰሜን ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያለ ሌላው ሰው የሰሜን ኮከብን አይቶ ይገላገላል። እዚህ ግን ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ በዚያ በኩል ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። ሁለት፣ መስተዋታቸው አንድ ሜትር የሚሰፋ ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የተሠራው እዚያው ተራራ ላይ ነው። ለእነሱ ሰማዩን ያቀረበላቸው ተራራ ለእኛ ኮከባችንን ደበቀብን።

ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ። ሦስት ስልክ፣ ሦስት ሰሜን። ከፌሮውና ከቆርቆሮው አጠገብ ኮምፓስ አይታመንም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሊሾ ላይ የአንድ ሜትር እንጨት በውሃ ልክ ቀጥ አድርገን አቆምን። ዙሪያውን በሲባጎ ክብ ሠራን። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የነካበትን፣ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ የነካበትን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ከእንጨቱ ሥር ተነስቶ የሁለቱን ምልክቶች መሀል የሚያልፈው መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው። ሰዓት አያስፈልግም። ግን አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰዓቱን መዝግቦ ኖሮ «ጥላው ያጠረው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ከ20 ገደማ ነው» አለ። ትክክል ነው። የአገራችን ሰዓት የሚከተለው 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ነው። እኛ ከዚያ በስተምዕራብ ስለሆንን ፀሐይ ዘግይታ ትደርሳለች። መስመሩን በሲባጎ በበሩ አሳልፈን እስከ ምሰሶው አደረስነውና ነጭ ቀለም ቀባነው፣ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስትም ሳልንበት።

ጥላ ግን ጥላ ነው፣ ጥቂት መሳቱ አይቀርም። ማስተካከያውን የካቲት መጀመሪያ ላይ ሠራን። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ወገብ ላይ ካሉት ሦስት ኮከቦች ሚንታካ የሚባለው የሰማይ ወገብ ላይ (ከምድር ወገብ በላይ በቀጥታ በሚያልፈው መስመር ላይ) ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ሰሞን ምሽት 2 ከ40 ገደማ አናታችን ላይ ይደርሳል። በቴሌስኮፑ የምናይበት መነጽር ውስጥ ከተበላሸ ኢርፎን የወጣ ቀጭን የመዳብ ክር በመስቀል ቅርጽ ለጥፈናል። ክሩ በጨለማ አይታይም። ኮከቡን ሆን ብለን ስናደበዝዘው ግን ሰፍቶ ክብ ብርሃን ይሆናል፣ ክሩም በላዩ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ስቷል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ከፍታውን ደግሞ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ባለ ኮከብ በዚሁ መንገድ እናያለን። ሃያ ደቂቃ መጠበቅ፣ ብሎን ንክች ማድረግ፣ እንደገና ሃያ ደቂቃ። አራት ምሽት ፈጀ። በሁለተኛው ምሽት መብራት ጠፋና ልጆቹ አጨበጨቡ። መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ክበብ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሞተራችን የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው።

በአራተኛው ምሽት ጁፒተርን ይዘን ሻይ ልንጠጣ ሄድን። ስንመለስ አራቱ ጨረቃዎቹ ጭምር እዚያው ነበሩ። የጥበቃው ጋሼ ለብዙ ጊዜ አንገታቸውን ሳያቀኑ ካዩ በኋላ «ይሄ ነገር ቆሟል እንዴ?» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ነበር የምንጠብቀው።

ሌላው በአጭሩ፦ ለወላጆች ሁለት ምሽት አሳይተናል፣ አባሎቻችን ጨምረዋል፣ ቱቦው ለክረምቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፊዚክስ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል።

ግንቦት ላይ የ7ኛ ክፍል ልጆች ሊጎበኙ መጡ። እንጨቷን ያው ቦታ ላይ አቆምንላቸው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ወዲህ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። ይህን እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ጥላው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ወደቀ። አንዲት ትንሽ ልጅ ነጩን መስመር አየች፣ ጥላውን አየች፣ «ቲቸር፣ ቀስቱን ገልብጣችሁ ነው የሳላችሁት» አለች። የእኛዋ የ9ኛ ክፍል ልጅ ልታስረዳት ጠመኔ አንስታ ቁጢጥ ስትል ደመናው መጣ። ሁላችንም ጣሪያውን ልንገፋ ሮጥን።