የኒውክሌር ማመንጫው ግንባታ በመቶኛ ብቻ አይነገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም በአገራችን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ መፈራረማቸው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው ግማሹ ድጋፍ፣ ግማሹ ስጋት ነው። እኔ በዚህ ደብዳቤ ማመንጫው ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። የምጽፈው፣ ይሠራል ከተባለ፣ የግንባታው ሂደትና የማመንጫው ዝግጁነት ለሕዝብ በምን መልክ ይነገር በሚለው ላይ ነው። ይህ የመጀመሪያው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ካልተወሰነ በኋላ በቀላሉ የሚስተካከል አይመስለኝም።

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለረጅም ጊዜ በግንባታ ተቆጣጣሪነት ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ እንጂ የኒውክሌር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም «በመቶ ይህን ያህል ደርሷል» የሚለው አነጋገር ከየት እንደሚመነጭ አውቃለሁ፤ በወርኃዊ ሪፖርቶች ላይ እየፈረምሁ ኖሬአለሁና። ቁጥሩ የሚወጣው ከሥራ ዝርዝሩ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በውሉ ላይ ባለው ዋጋ ይመዘናል፣ የተሠራው ተለክቶ ለተቋራጩ የክፍያ ሰርተፍኬት ይዘጋጃል፣ ድምሩም አፈጻጸም ይባላል። ቁፋሮ፣ ኮንክሪትና ብረት ብዙ ገንዘብ ስለሚበሉ ቁጥሩን ቶሎ ያሳድጉታል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ዝርጋታ፣ የቧንቧ ፍተሻ፣ የመሣሪያ ልኬትና የሰነድ ርክክብ ግን በገንዘብ ሲመዘኑ ጥቂት፣ በጊዜ ሲመዘኑ ብዙ ናቸው። በአንድ ወረዳ የተሠራ የጤና ጣቢያ ሕንፃ በሪፖርት ከ95 በመቶ በላይ ተብሎ፣ ውኃና መብራት ሳይገባለት ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ተቆልፎ መክረሙን አስታውሳለሁ። በሪፖርቱ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ «ነርሷ ነገ ገብታ መሥራት ትችላለች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ይህንኑ በአገር ደረጃ በሕዳሴው ግድብ አይተነዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ እንደሚያልቅ ተነግሮን ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግንባታው ከ60 በመቶ በላይ መድረሱ በሚነገርበት ወቅት፣ የሲቪል ሥራው እየተራመደ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ክፉኛ ወደ ኋላ መቅረቱ ታወቀ፤ ሥራውም ከያዘው ተቋም ተነሥቶ ለሌሎች ተሰጠ። የመጀመሪያው ተርባይን ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከደመወዙ ቀንሶ ቦንድ የገዛው ሕዝብ ለዓመታት የሚሰማው አንድ ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ ሁለቱ ሥራዎች እኩል እንዳልሄዱ ያወቀው ዘግይቶ ነው። እኛ የጎንደር ነዋሪዎች ደግሞ የመገጭ ግድብ ከተባለለት ጊዜ በብዙ ዓመታት በመዘግየቱ፣ መቶኛ በሰማን ቁጥር አስቀድሞ መጠራጠር ልማድ ሆኖብናል፤ ለዚህ ልማድ የሚወቅሰን ያለ አይመስለኝም።

ግድብ ግን ቢያንስ በከፊል ሊሠራ ይችላል፤ የሕዳሴው ግድብም ቀሪዎቹ ተርባይኖች እየተተከሉ በጥቂቶቹ ሲያመነጭ ቆይቷል። አንድ ሪአክተር፣ ማለትም የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበት የማመንጫው እምብርት፣ በከፊል ዝግጁ ሊሆን አይችልም። ነዳጅ ተጭኖበት ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢቆም እንኳ ሙቀቱ አብሮ አይቆምም፤ ልክ እንደቆመ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ከነዳጁ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ይህም እየቀነሰ ቢሄድም ለረጅም ጊዜ ማቀዝቀዝን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች የመሬት መንቀጥቀጡ እንደደረሰ በሥርዓቱ ቆመው ነበር፤ አደጋው የመጣው ሱናሚው የመጠባበቂያ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ስላልተቻለ ነው። ስለዚህ ነዳጁ ከመግባቱ በፊት ፓምፑም፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩም፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚቀመጠው ሰውም ዝግጁ መሆን አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል 99 በመቶ የሚለው ቁጥር ለማንም ዋስትና አይሆንም።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የባራካ ማመንጫ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በደቡብ ኮሪያ ኩባንያ የተሠራ፣ አራት ሪአክተሮች ያሉት ማመንጫ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሪአክተር ኮንክሪት በጁላይ 2012 እ.ኤ.አ. ተሞልቶ በ2017 ሥራ እንዲጀምር ታቅዶ ነበር። በማርች 2018 የኮሪያው ፕሬዚዳንት በተገኙበት የመጀመሪያው ሪአክተር ግንባታ መጠናቀቁ በሥነ ሥርዓት ተከበረ። ነዳጅ ግን አልተጫነም። ማመንጫውን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት በዚያው ዓመት የራሱን ዝግጁነት ገምግሞ የነዳጁን ጭነት ወደ 2019 መጨረሻና ወደ 2020 መጀመሪያ ገፋው፤ የሠራተኞች ሥልጠናና የተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ገና የሚቀሩ ሥራዎች ነበሩ። የሥራ ፈቃዱ በፌብሩዋሪ 2020 ተሰጠ፣ በኦገስት ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር ተገናኘ፣ መደበኛ የንግድ ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 2021 ነው። ገንዘብ ባልቸገረው አገር፣ ግንባታው አለቀ ከተባለ በኋላ ሦስት ዓመት ተጨምሯል ማለት ነው። እኔ ይህንን መዘግየት አልነቅፈውም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ዓመታት በእኛ አገር የዘገባ ልማድ ቢነገሩ ኖሮ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያው «መቶ በመቶ» ይባሉ ነበር።

ታዲያ ከመቶኛው ይልቅ ምን ይነገረን? ሥራው በተፈጥሮው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ደረጃ አለፈ ወይም አላለፈ የሚባል እንጂ በግማሽ የሚቆጠር አይደለም። ነዳጁ የሚቀመጥበት የሪአክተሩ ዋና ገንዳና ከእሱ ጋር የተያያዙት ቧንቧዎች በቀዝቃዛ ውኃ ተሞልተው፣ በሥራ ላይ ከሚያጋጥማቸው በላይ በሆነ ግፊት ይፈተሻሉ፤ ብየዳው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሪአክተሩን የሚያቅፈው ወፍራም ሕንፃ አየር ታምቆበት ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ ይለካል። ቀጥሎ ነዳጅ ሳይኖር፣ ፓምፖቹ በራሳቸው ሥራ በሚፈጥሩት ሙቀት፣ ውኃው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪጠጋ ድረስ ይሞቅና መላው ሥርዓት ለሳምንታት በዚያ ሁኔታ ይፈተናል። ሩሲያ በግብፅ ኤል ዳባና በባንግላዴሽ ሩፑር በምትገነባው የቪቪኢአር 1200 ዓይነት ሪአክተር፣ ዩራኒየም የሌለባቸው አምሳያ የነዳጅ ዘንጎች አስቀድመው ገብተው የሚወጡበት ደረጃም አለ። ከዚያ በኋላ ብቻ 163 እውነተኛ የነዳጅ ጥቅሎች ይጫናሉ፤ ሪአክተሩ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኃይል ይነሣል፣ ኃይሉም በየደረጃው እየቆመ እየተፈተሸ ወደ ሙሉ መጠኑ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው፣ ሰነድ አላቸው፣ የሚፈርምባቸውም ሰው አላቸው። የኮንክሪቱን ሜትር ኪዩብ ከመስማት የቀዝቃዛው ግፊት ፍተሻ መቼ እንደታቀደና መቼ እንዳለፈ መስማት ብዙ ይበልጣል።

ከአጥሩ ውጪ ያለው ዝግጁነት ደግሞ የበለጠ ይረሳል። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛን ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳል፤ ሥልጠናውም ትክክለኛውን የመቆጣጠሪያ ክፍል በሚመስል የማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ስለሚሰጥ፣ ያ ክፍል ነዳጅ ከመጫኑ ብዙ ቀደም ብሎ መቆም አለበት። የኤሌክትሪክ መረቡም እንዲሁ ነው። በተለምዶ አንድ ብቸኛ የማመንጫ ክፍል ከመረቡ አጠቃላይ አቅም ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ በድንገት ቢቆም መላውን መረብ ይዞ እንዳይወድቅ ነው። በዚህ ስሌት 1200 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አንድ ሪአክተር ወደ 12,000 ሜጋ ዋት የሚጠጋ መረብ ይፈልጋል፤ ሕዳሴ በሙሉ አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት መሆኑን ለማነጻጸር ይጠቅማል። በሩፑር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የመጀመሪያው ኮንክሪት ከተሞላ ወዲህ ራስ ምታት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹ፣ በተለይም ወንዝ የሚሻገሩት፣ መዘግየት ነበር። የማመንጫው መቶኛ ይህንን አያሳይም፤ መስመሩ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነውና።

ማን ያረጋግጥ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ የተሠሩት ሁለቱ የቮግትል ሪአክተሮች እያንዳንዳቸው ወደ 400 የሚጠጉ የፍተሻና የመቀበያ መስፈርቶች ዝርዝር ነበራቸው፤ እያንዳንዱ መስፈርት ሲሟላ ገንቢው ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ያሳውቃል፣ ማስታወቂያውም ለሕዝብ ክፍት ነበር። ኮሚሽኑ ሁሉም መሟላታቸውን አረጋግጦ ለመጀመሪያው ሪአክተር ነዳጅ እንዲጫን የፈቀደው በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በ2021 የደኅንነት ኤሌክትሪክ ገመዶች በሚገባ ተለያይተው አለመዘርጋታቸው በፍተሻ ተገኝቶ ነበር፤ ይህም ተደብቆ አልቀረም። በዚያው አገር ደቡብ ካሮላይና፣ ቪ ሲ ሰመር በተባለው ሥፍራ፣ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነበር። የውጭ አማካሪ መሐንዲሶች ሥራው በተያዘለት ጊዜ እንደማያልቅ የሚያሳይ ግምገማ ቢያቀርቡም፣ የኩባንያው ኃላፊዎች ሁሉ ነገር በሰዓቱ እየሄደ እንደሆነ ለሕዝብ መናገር ቀጠሉ። ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ ግንባታው በጁላይ 2017 ተቋረጠ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም የማጭበርበር ክስ ጥፋቱን አምኖ በ2021 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቤላሩስ ውስጥ በኦስትሮቬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪአክተሩ ገንዳ በሚነሣበት ጊዜ አደጋ ሲያጋጥመው፣ ወሬው ከባለሥልጣናት በፊት በሌላ መንገድ ወጣ፤ ገንዳው በመጨረሻ በሌላ ቢተካም የሕዝቡ ጥርጣሬ ግን በቀላሉ የሚተካ አልሆነም።

ዝርዝሩ ለሕዝብ ቢወጣ የአገር ደኅንነት ይጎዳል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የጥበቃው አደረጃጀትና የነዳጁ ጉዞ በምሥጢር መያዛቸው ተገቢ ነው፤ የግፊት ፍተሻ ማለፉ ወይም መውደቁ ግን ለጠላት የሚጠቅም ምሥጢር አይደለም። ጉድለት ሲነገር ሕዝብ ይደነግጣል የሚለውም አያሳምነኝም። በፍተሻ የተገኘ ጉድለት ፍተሻው መሥራቱን ያሳያል፤ እኔን የሚያስደነግጠኝ አንድም ጉድለት ያልተመዘገበበት የዓመት ሪፖርት ነው፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት በአንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ እንኳ አይቼ አላምንም።

ኢትዮጵያ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት። ኤጀንሲው ለጀማሪ አገሮች ያዘጋጀው መመሪያ ሥራውን በሦስት ምዕራፎች ከፍሎ 19 ጉዳዮችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሕግ፣ ተቆጣጣሪ አካል፣ የሰው ኃይል፣ የኤሌክትሪክ መረብ፣ የአደጋ ጊዜ ዝግጅትና ያገለገለ ነዳጅ አያያዝ ይገኙበታል። አገሮች ሲጋብዙ የኤጀንሲው ቡድን መጥቶ ይገመግማል፣ ሪፖርቱም ሊታተም ይችላል። ቡድኑ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ሪፖርቱ እንዲታተም ከአሁኑ መጠየቅ የጋዜጦች ሥራ ይመስለኛል። ከተቋራጩ ውጪ ሆኖ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብሎ የሚፈርም፣ በበጀትም በሹመትም ከገንቢው የተለየ ተቆጣጣሪ አካል መኖሩን መጠየቅም እንዲሁ።

ሰውን ከሕንፃ አስቀድሞ ማዘጋጀት ለዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ለጤና ጣቢያዎች ያቀርብ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ተቋምና ሌሎች አቻዎቹ ለጨረራ መከላከልና ለአደጋ ጊዜ ሕክምና ስንት ሰው፣ በስንት ዓመት እንዲያዘጋጁ እንደታሰበ እስካሁን የተነገረ ነገር አላነበብሁም። ይህም የዝግጁነት አንዱ መለኪያ ስለሆነ በዘገባችሁ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የግንባታ ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ ጋዜጣችሁ አንድ ቋሚ ሠንጠረዥ ቢከፍት ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ኮንክሪት፣ የሪአክተሩ ገንዳ ተከላ፣ የማሠልጠኛ ክፍሉ ሥራ መጀመር፣ የማስተላለፊያ መስመሩ ርክክብ፣ ቀዝቃዛውና ትኩሱ ፍተሻ፣ የሠራተኞቹ ፈቃድ፣ የነዳጅ ጭነት ፈቃድ፣ እያንዳንዳቸው በመጀመሪያ የታቀዱበትና በእርግጥ የተፈጸሙበት ቀን ይጻፍባቸው። በእኛ ሙያ መርሐ ግብር በተከለሰ ቁጥር የቀድሞው ከፋይሉ እየወጣ አዲሱ ብቻ ሲቀር፣ ማንም ዘግይቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ስለዚህ የተከለሰው ቀን ከመነሻው ቀን ጎን ይጻፍ እንጂ በቦታው አይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ የሚገኝ የግንባታ ተቆጣጣሪ
ጎንደር፣ አዘዞ