«ጨጓራ ነው» ያልንባቸው ሦስት ሌሊቶች

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፦

በኮምቦልቻ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰኔ ወር ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶና መግሉ ሆዴ ውስጥ ተሠራጭቶ፣ በሌሊት የሐረጎን ዳገት በአምቡላንስ ወጥቼ ደሴ ላይ በተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና ተርፌአለሁ። ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ያንን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ለመሄድ ግን ከሁለት ቀን በላይ ወስዶብኛል። ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው፣ የዘገየሁባቸው ምክንያቶች የብዙ ሰው ምክንያቶች እንደሆኑ አልጋ ላይ ተኝቼ ስላየሁና ከመካከላቸው አንዱ ያለ ብዙ ወጪ ሊታረም እንደሚችል ስለማምን ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ማክሰኞ ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም ነበር። እምብርቴ ዙሪያ ይጨብጠኝና መልሶ ይለቀኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ በጣት ለማሳየት እንኳ አይመችም። ራት አስጠላኝ። ባለቤቴ «ቀን ምን በልተህ ነው?» ስትለኝ የምሳው ወጥ በርበሬ እንደበዛበት ነገርኳት፤ «ጨጓራህ ተነሥቶ ነዋ» አለች፤ እኔም ተቀበልኩ። ጨጓራ እውነተኛ በሽታ ነው፤ ብዙ ሰው ይሠቃይበታል። ነገር ግን በእኛ አገር ቃሉ የበሽታ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከደረት በታችና ከጭን በላይ ለሚሰማን ሕመም ሁሉ የምንሰጠው መልስ ሆኗል። ስሙን ካወጣንለት በኋላ በሽታውን ያወቅነው ይመስለናል፤ ካወቅነው ደግሞ ሐኪም ጋ መሄድ ምን ያደርጋል እንላለን።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ጊዜ አስመለሰኝ። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አመጡልኝና «አብሽር ልጄ፣ ንፋስ ነው፤ አሁን ይለቅሃል፤ አላህ አፊያ ያድርግህ» ብለው ደጋግመው መረቁኝ። ለደግነታቸው እስከ ዛሬ ባለ ዕዳ ነኝ፤ በእርሳቸው ላይ የምናገረው አንዳች ቅሬታም የለኝም። ወደ ትምህርት ቤት ሄጄ ተማሪዎቼን ፈተንኩ። ከቀትር በኋላ ሕመሙ ከእምብርቴ ለቅቆ ወደ ታች በስተቀኝ ወረደ፤ አሁን ቦታውን በአንድ ጣት ማሳየት እችል ነበር። ስራመድ ቀኝ እግሬን እየሳብኩ፣ ወገቤን ጎበጥ አድርጌ እንደነበር ያስተዋለ አንድ ባልደረባዬ «መምህር፣ ምነው?» ብሎኛል። ጨጓራ ነው አልኩት።

ያን ዕለት ማታ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ሌላ መድኃኒት ቤት ብገባም የሚለወጥ ነገር የነበረ አይመስለኝም። «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» አልኩ። ኦሜፕራዞል ተሰጠኝ። ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ «አልተሻለኝም፤ ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር ስጡኝ» ስል ዲክሎፌናክ ተጨመረልኝ። ባለሙያው ትሑትና ሰው አክባሪ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ሸኝቶኛል። የት ጋ እንደሚያመኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ፣ ሕመሙ ቦታ ለውጦ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ ግን በሁለቱም ጊዜ አልጠየቀኝም። ከእነዚህ አንዱን ቢጠይቀኝ ኖሮ እኔ ራሴ መልሱን ስናገር እደነግጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ከእምብርት ወደ ታች በስተቀኝ የወረደ ሕመም ጨጓራ እንዳልሆነ ከአፌ ሲወጣ መስማቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሐሙስን በዲክሎፌናኩ ኃይል አሳለፍኩ። ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ሕመሙ በድንገት ለቀቀኝ። ባለቤቴ «ተመስገን» አለች፤ ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ ሆዴ አጥሚት ተቀበለ፤ ልጆቼ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ሞት ቤቴ ገብቶ እንደነበር የማውቀው ዛሬ ነው። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሴን የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ቀሰቀሰኝ፤ ሰውነቴ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሆዴ እንደ ጣውላ ደርቆ የብርድ ልብሱ ክብደት እንኳ ያሳምመኝ ነበር። ባለቤቴ የጎረቤቱን ባለ ባጃጅ በር አንኳኩታ አስነሣችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረችው ጤና መኮንን በስተቀኝ ሆዴን በጣቶቿ ቀስ ብላ ተጫነችና በድንገት ለቀቀችው፤ ስትጫነኝ ካመመኝ ይልቅ ስትለቀኝ ያመመኝ ባሰ። ግሉኮስ ሰክታ፣ አንቲባዮቲክ ጀምራ፣ አምቡላንስ ጠርታ ወደ ደሴ ሪፈር ጻፈችልኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ያንን መንገድ በሕይወቴ ስንት መቶ ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም፤ ያን ሌሊት ግን እያንዳንዱ ጉድጓድና እያንዳንዱ መታጠፊያ በሆዴ ውስጥ አለፈ። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለኝ ሐኪም ከመጀመሪያ ጥያቄዎቹ አንዱ «መኪናው ሲያንገጫግጭ ያምዎት ነበር?» የሚል ነበር። የቆሰለው የሆድ ዕቃ ሽፋን በእያንዳንዱ መነቅነቅ እርስ በርሱ ስለሚፋተግ፣ መኪና ሲያንገጫግጭ የሚብስ የሆድ ሕመም ትርፍ አንጀትን እንደሚያስጠረጥር ያስረዳኝ በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ሐኪም በሦስተኛው ቀን አልጋዬ አጠገብ ቆሞ የነገረኝን ለአንባቢዎቻችሁ ማድረስ እፈልጋለሁ። ትርፍ አንጀት ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ የተንጠለጠለች፣ ጣት የምታክል ከረጢት ናት። አፏ በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም በእብጠት ሲዘጋ ፈሳሿ መውጫ ያጣል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደም ወደ ግድግዳዋ መድረስ ያቅተዋል፤ ግድግዳው ይሞትና ይቀደዳል። ሕመሙ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ የሚሰማው የአንጀት ነርቮች ቦታ ለይተው ስለማይናገሩ ሲሆን፣ ቁስለቱ የሆድ ዕቃን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ግን ወደ ቀኝ ወርዶ ቦታ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይቀድምና የምግብ መዝጋትና ማስመለስ ይከተላሉ። ከመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል በኋላ የመፈንዳት አደጋው በየሰዓቱ ያድጋል። ስትፈነዳ የተወጠረው ስለሚላላ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ሊበርድ ይችላል፤ እኛ ቤት «ተመስገን» የተባለው በዚያ ሰዓት ነው። ሁሉም ታማሚ ግን ይህን ሥርዓት አይከተልም፤ በሕፃናትና በአረጋውያን ምልክቱ የተደበቀ ሊሆን ይችላል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እያደገ የሚሄደው ማሕፀን ትርፍ አንጀቷን ወደ ላይ ስለሚገፋት ሕመሙ ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል።

ስለ ማስታገሻውም ጠይቄው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጠው ማስታገሻ ጉዳት እንደሌለው፣ ቤት ውስጥ የሚዋጠው ግን ታማሚውን እያታለለ እቤቱ እንደሚያቆየው ነገረኝ። ረቡዕ መጥቼ ቢሆን ኖሮ በስተቀኝ ትንሽ ተቀድጄ በአንድ ወይም በሁለት ቀን እወጣ እንደነበርም አልሸሸገኝም። እኔ መሐል ሆዴ ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ ታጥቤ፣ ጎኔ ላይ ቱቦ ተተክሎልኝ፣ 11 ቀን ተኝቻለሁ።

በዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ደጋግሞ ይመጣብኝ የነበረ አንድ ታሪክ አለ። ዐፄ ምኒልክን ወክለው ራስ መኮንን ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን መጓዛቸውን ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ። በዓሉ በሰኔ 19 ቀን 1894 ዓ.ም. ሊከበር ተቆርጦ ሳለ ንጉሡ ሆዱን ታመመ፤ በዓሉ ይቀራል መባሉን አልቀበልም ብሎ ሕመሙን ተሸክሞ ቀናት ቈየ። በመጨረሻ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀዶ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ትሬቭስ ሆዱን ከፍቶ ከትርፍ አንጀቱ ዙሪያ መግል አወጣለት፤ ዘውዱንም የጫነው ነሐሴ 3 ቀን ነው። ከአገር ሁሉ የተጠሩ እንግዶች የተሰበሰቡበት በዓል እንኳ ለአንዲት ጣት ለምታክል ሥጋ ቀጠሮውን ለወጠ። እኔ ግን የሁለት ክፍል ፈተና ለሌላ መምህር ማስረከብ ከብዶኝ ነበር።

ስለ ገንዘብ ሳላነሣ ባልፍ እውነቱን መሸሸግ ይሆንብኛል። ደመወዝ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር፤ ጤና ጣቢያ ብሄድ ሪፈር ይሉኛል፣ ሪፈር ካሉኝ ምርመራውና መድኃኒቱ ከየት ይመጣል የሚለው ሐሳብ በልቤ ውስጥ ነበር። የራሳችን የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ እዚያ ያሉ አርሶ አደር ዘመዶቼ የመድን ደብተራቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። እኛን ደመወዝተኞችን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ተጓትቷል። ደመወዝተኛ ስለሆንኩ አቅም አለኝ ተብሎ ይታሰባል፤ ወር ሊያልቅ ሲል ለታመመ መምህር ግን ይህ እውነት አይደለም።

አልጋ ጎረቤቴ ከመቅደላ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንጀታቸው ተጠማዞ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ወንድሞቻቸው እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያደረሷቸው። እርሳቸው ከታመሙበት ሰዓት ጀምሮ ሐኪም ሲፈልጉ የዘገዩት በመንገድ ነው። «አንተ የኮምቦልቻ ሰው፣ መንገድ በደጅህ እያለ ምን ያዘህ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ። የጤና ባለሙያዎች ለእናቶች ሦስቱ መዘግየቶች እያሉ የሚያስተምሩት ነገር አለ፤ ለመሄድ በመወሰን፣ ከጤና ተቋም በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን በማግኘት የሚፈጠሩ ናቸው። ይህን ትምህርት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ስላደረሱት ዛሬ ምጥ የጠናባትን እናት «ትንሽ ጠብቂ» የሚላት ጎረቤት እያነሰ ነው። ስለ ሆድ ሕመም ግን እንዲህ ደጃችንን አንኳኩቶ ያስተማረን የለም፤ የከተማ ሰው መጀመሪያ የሚሄደውም መድኃኒት ቤት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን የማቀርበው በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችና ለሁለቱ ከተሞች ጤና መምሪያዎች ነው። የሆድ ሕመም መድኃኒት ለሚጠይቅ ሰው፣ በተለይ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ለመጣ ሰው፣ የት ጋ እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረውና ትኩሳት ወይም ማስመለስ ይኖረው እንደሆነ ሳይጠየቅ ማስታገሻ አይሰጠው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ «ይህን አልሸጥልዎትም፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ይባል። አንድ ሽያጭ እንደሚቀርባቸው አውቃለሁ፤ ደግሞም ከአንዱ ቤት የተከለከለ ሰው ወደ ቀጣዩ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ጤና መምሪያዎቹ ሁሉም መድኃኒት ቤቶች የሚከተሉት አንድ አሠራር ቢያወጡ ባለሙያዎቹም ከደንበኛ ጋር ከመጨቃጨቅ ይድናሉ።

እኔ በመጪው መስከረም ወደ ክፍል እመለሳለሁ፤ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር የሆድ ሕመም ምልክቶችን ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚያስረዳ የጤና ባለሙያ እንዲጋብዙልን ጠይቄ ተስማምተውልኛል። ከጤና መምሪያዎቹ ወይም ከመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች በኩል የሚሰጥ መልስ ካለ በዚሁ ዓምድ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ከኮምቦልቻ