እማዬ፣ ጥፋቱ የፕላኑ ነው

ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቪየና ብርዱ ገብቷል፤ ልጆቹ ጓንት ማጥፋት ጀምረዋል።

ማሙሽ ሰሞኑን ሲደውል አንድ ነገር ነገረኝ። «እማዬ የኮንዶሚኒየሙ ቤት አልተመቸኝም ማለት ትፈራለች፤ ስንቱ እጣ እየጠበቀ እኔ ደርሶኝ ባማርር እግዜርም ይታዘበኛል ትላለች» አለኝ። በስልክ ልመልስልሽ አሰብኩ። ግን በስልክ ሁሌም «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ነው የምትዘጊው። ለዚህ ነው የጻፍኩት። መነጽሩ ካስቸገረሽ ማሙሽ ያንብብልሽ፤ እየዘለለ እንዳያነብ ብቻ ተቆጪው።

እማዬ፣ ቤቱን አለመውደድሽ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ያ ፎቅ ሲነደፍ ያንቺን ኑሮ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የፕላኑ ነው፤ ያንቺ አይደለም።

ይህን ስል የፈረሰውን የልደታውን የቀበሌ ቤት ገነት አድርጌ አይደለም። ሰው ሲናፍቅ ክፉውን ይረሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ሲረግፍ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲና ድስት ደርድረን ስናድር አልረሳሁትም። ለግቢው ሁሉ አንድ ሽንት ቤት ነበር፤ ማታ ማታ ባትሪ ይዘሽ ታደርሺኝ ነበር። ለነገሩ ቤቱ እንዲያ ያረጀው በምክንያት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ አይቀየርም። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ ቀበሌው «በጀት የለም» ይላል። ቤቱ በመሀል ጎበጠ።

ስለዚህ ሰፈሩ ሲፈርስ ግድግዳው አላስለቀሰንም። ግቢው ነው ያስለቀሰን።

እስቲ አስቢው። የሁሉም በር ወደ አንድ ቦታ ይከፈታል። አንቺ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ትልጫለሽ፤ ጋሼ መምህሩ በርጩማቸው ላይ ሆነው ጋዜጣቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ ከጎናቸው ቁጢጥ ብዬ ጣታቸውን እከተላለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ማንበብ እችል ነበር። «ነይ ላስተምርሽ» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እሳቸው የሚያነቡት ለራሳቸው ነው፤ ቤታቸው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ ነው ውጭ የሚቀመጡት። እናንተ ደግሞ ከሥራችሁ ሳትነሱ ትጠብቁን ነበር። ያጠፋ ልጅ የማንም ይሁን የማን ይቆነጠጣል። (ይሄኛው እንኳ አይናፍቀኝም።)

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው በርካሽ ብዙ ቤት መሥራት ነበር። የሚበዛው ጂ ፕላስ ፎር የሆነው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ሊፍት ውድ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለ ሊፍት አይወጣም ተባለ። የሰው ጉልበት ተለክቷል ማለት ነው። የተለካው ግን የጎረምሳ ጉልበት ነው። ከእጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉን ግን ሁሌም አደንቃለሁ። ያንቺ በመልሶ ማልማት ቢሆንም፣ ውሉ ላይ ያለው ስም የማንም ሳይሆን ያንቺ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አያቴ በስማቸው አንድ ማሰሮ እንኳ አልነበራቸውም።

የሚያናድደኝ ወጥ ቤቱ ነው። ባለፈው ስመጣ ቁጭ ብዬ ስትጋግሪ አየሁሽ። ምጣዱ ወጥ ቤት ስላልገባ ኮሪደሩ ላይ፣ የሽንት ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጧል። አክንባሎውን ስታነሺ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ላይ ይንሳፈፋል፤ እዚያ ያለው ቀለም ተላልጦ አልቋል። እንጀራውን በሰፌድ ስታወጪ ክንድሽ ግድግዳ ይመታል። ስለዚህ ወደ ጎን ዞረሽ፣ ክርንሽን ሰብስበሽ ነው የምታወጪው። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ እሱ በርቶ ስቶቭ ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል። አንድ እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ መብራቱ ጠፋና ሊጥ ሆኖ ቀረ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን ያን ፕላን የሳለው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚበላ ማሰቤ አልቀረም። እንጀራ በየቤቱ የሚበላበት አገር ላይ ለምጣድ ቦታ የሌለው ወጥ ቤት እንዴት ይሳላል?

እዚህ ስለ አንዲት ሴትዮ ሰማሁ። ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትዝኪ ትባላለች። የቪየና ልጅ ናት። ከአውስትሪያ የመጀመሪያዎቹ ሴት አርክቴክቶች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1926 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ውስጥ ለሠራተኛ ቤቶች ወጥ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠባብ ነው። ግን ሰዓት ይዛ ሴቶች ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ፣ ስንቴ ጎንበስ እንደሚሉ ለካች። የባቡር ምግብ ቤት ወጥ ቤትም አየች፤ እዚያ በጠባብ ቦታ ለብዙ ሰው ይበሰላል። ከዚያ መሳቢያውን፣ ማጠቢያውን፣ ወንበሩን እጅ በሚደርስበት አስቀመጠች። ወደ 10 ሺህ ቤት ገባ። የሚገርምሽ፣ እሷ ራሷ ከዚያ በፊት ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር፤ ራሷ ናት የተናገረችው። ሳታውቅ ጠይቃና ለክታ ሠራች። በኋላ ደግሞ «ሴቷን ለብቻዋ ዘጋሽባት» ብለው ወቅሰዋታል። እውነት አላቸው፤ በዚያ ወጥ ቤት ሁለት ሴት ተቀምጦ ወሬ አያወራም። ቢሆንም ቅር ያለው ሰው የሚሟገተው ከታሰበበት ነገር ጋር ነው። ያንቺ ኮሪደር ላይ ግን ከማን ጋር ይሟገቷል?

ቪየና ራሷ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ቤት አጥቶ በአንድ ክፍል እየታጨቀ ይኖር ነበር። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግብር አወጣ፤ ቅንጡ ቤት ያለው አብዝቶ ይከፍላል፣ ድሃው ትንሽ። በዚያ ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ቤት ተሠራ። ታዋቂው ካርል ማርክስ ሆፍ ይባላል። (ስሙን ስትሰሚ ደርግ ትዝ እንደሚልሽ አውቃለሁ። እሱ ግን ደርግን ከ40 ዓመት በላይ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ነው የተመረቀው።) ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 1,382 ቤቶች ነበሩት። ቤቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ካንቺ የሚያንሱም ነበሩ። ገላ መታጠቢያ እንኳ በየቤቱ አልነበረም።

ታዲያ ምን ለየው? ከመሬቱ አምስት እጅ አራቱን ያህል ባዶ ተዉት። ግቢ አደረጉት፤ ዛፍ ተከሉበት። ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው ከመንገድ በቀጥታ አይደለም፤ በትልቅ ቅስት በኩል መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ደረጃው። ሳትፈልጊም ጎረቤት ታያለሽ። የጋራ የልብስ ማጠቢያ፣ የጋራ መታጠቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መዋዕለ ሕጻናት አብሮ ተሠራ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ወንድ አይገባም ነበር፤ ሴቶቹ በነፃነት እንዲሠሩ። ያን ጊዜ የወጣው ወሬ ብዛት ይታየኛል።

እኔ የምሠራበት መዋዕለ ሕጻናትም እንዲህ ዓይነት ግቢ ውስጥ ነው። መስኮቱ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ልጆቹ ደፉ ላይ ተቀምጠው ግቢውን ያያሉ። የቆሻሻ መኪናው የሚመጣበትን ቀን ሳንነግራቸው ያውቁታል፤ ቀን መቁጠር የጀመሩት በእሱ ነው። እነሱን ሳይ ጋሼ መምህሩ ትዝ ይሉኛል። ልጅ አጠገቡ የሚሆነውን ነገር ካየና ከሰማ ይማራል። ያንቺ ቤት መስኮት ግን ከማሙሽ ልጅ አናት በላይ ነው የሚጀምረው። ቤት ውስጥ ስትውል የሚታያት ሰማይና ቴሌቪዥን ነው። ውጭ ስትወጣ ደግሞ አንቺ ከሦስተኛ ፎቅ ሆነሽ ስሟን ብትጣሪ አትሰማም። ስለዚህ አትወጣም። ከዚያ «የዘንድሮ ልጅ ሰው አይቀርብም» እንላለን።

በኛም ፕላን ላይ እኮ የጋራ ነገር ታስቦ ነበር። ኮሚናሉን ማለቴ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ ተብሎ ነው የተሠራው። ለወጥ ቤቱ መጥበብ መልሱ እሱ ነበር። እናንተ ጋ ለሸቀጥ መጋዘን ተከራይቷል። ከዚያ በዓል ሲመጣ በጉ ደረጃው ላይ ይታሰራል፤ ልብሱ በረንዳ ላይ ይንጠባጠባል፤ የታችኛዋ ጎረቤት ትቆጣለች። እርስ በርስ የምትጣሉት ያ ቤት ስለተዘጋ ነው።

ደረጃውን ለምን እንደጠላሽውም አውቃለሁ። የአራተኛ ፎቁ አባት ሲያርፉ ሳጥኑ በማዞሪያው አልዞር ብሎ ቀጥ አድርገው አቁመው እንዳወረዷቸው ነግረሽኛል። «እኔንም እንዲህ ሊያቆሙኝ ነው» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። ሬሳ በክብር የማይወርድበት ደረጃ ሙሉ ደረጃ አይደለም፤ የሰው ልጅ ተወልዶ እንደሚሞት የረሳ ነው። እናንተ ግን ለለቅሶው መላ አበጃችሁ። አስፋልት ላይ ካስማ አይመታምና በቀለም ባልዲ ኮንክሪት ሞልታችሁ የድንኳኑን ምሰሶ አቆማችሁ። ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ግቢ ሆነ። ፕላኑ የረሳውን እናንተ መለሳችሁ። እኔን ብትጠይቂኝ ያ ባልዲ ከብዙ ሕንፃ ይሻላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልለምንሽ።

አንደኛ፣ ሦስተኛ ፎቁን አከራይተሽ ምድር ላይ ያለውን የነርሷን ቤት ተከራዪ። ልትለቅ ነው ብሎኛል ማሙሽ። «የራሴ ቤት እያለኝ ኪራይ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሰው ይልመድ። ቤቱ ያንቺነቱ አይቀርም፤ ኪራዩ ለኪራይ ይሆናል፤ ልዩነት ካለ እኔ እሞላለሁ። በር ላይ በርጩማ አውጥተሽ ቡና ታፈያለሽ። ልጅቷም አጠገብሽ ትጫወታለች። የድሮ ሰፈር እድርሽ ስብሰባ ሲኖርም ደረጃውን ፈርተሽ አትቀሪም።

ሁለተኛ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ኮሚናሉ ተናገሪ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 370፣ የ1995 ዓ.ም. ነው። የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ባለቤቶች ነው ይላል። ኪራዩ የት እንደሚገባ ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዳትጣዪ ብቻ። ሌሎቹንም ሴቶች ይዘሽ ግቢ፤ ሁሉም ኮሪደር ላይ ነው የሚጋግሩት። ሁሉን ማስለቀቅ ካልተቻለ አንዱን ክፍል ብቻ ለመጋገሪያ ይስጧችሁ።

ማሙሽ ደግሞ ሜትር ይዞ ወርዶ የነርሷን ቤት ይለካልኝ። የበሩን ስፋት፣ የወጥ ቤቱን ርዝመትና ወርድ። ምጣዱ ከነማስቀመጫው ገብቶ ክንድሽ የሚዘረጋበት ቦታ መቅረት አለበት፤ ቆመሽ እጅሽን ዘርጊና እሱንም ይለካው። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ለምጣድ ለብቻው መስመር ይዘረጋ እንደሆነ ይጠይቅ። ፎቶውን በቴሌግራም ይላክልኝ። ቀብዱን ከደሞዝ በኋላ እልካለሁ፤ ነርሷ ለሌላ እንዳትሰጥብን ዛሬውኑ ይንገራት።

ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም በይልኝ። የጉልበትሽን መድኃኒት አታቋርጪ።

ልጅሽ፣ ከቪየና